የደበቅነው ስሟን ብቻ ነበር

ሶዶ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ሥራ አያጣም። ከውጭ የመጣ እንግዳ ሁሉ ወደ ትምህርት ቤታችን ይላካል። ጉድጓድ ቆፋሪው፣ ሐኪሙ፣ ሰባኪው፣ ቢራቢሮ የሚያሳድደው ሳይቀር «አስተርጓሚ» ይላል፤ ርእሰ መምህሩም በአገጩ ወደ እኔ ይጠቁማል። ባጃጅ ገና ወደ ከተማችን ባልገባችበት፣ ማንኛውም ጉዳይ በስብሰባና በግምገማ ይፈታል በሚባልበት በዚያ ዘመን፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የአንዱ ወይም የሌላው አፍ ነበርኩ። ሰው «ቲቸር ዛሬም ከፈረንጅ ጋር ናት» ሲል ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

በአንዱ ክረምት አንዲት ፈረንጅ ተመራማሪ መጣች። የምታጠናው ስለ ሸክላ ሠሪዎች ነው፤ ስለ ሸክላው ሳይሆን ስለ ሰዎቹ። አገራችንን ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አለብኝ፤ ሳስረዳም ደስ እያለኝ አይደለም። በወላይታ ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦች እንደ ሌላ ዘር ይቆጠሩ ነበር። እንስራቸውን እንገዛለን፣ በድስታቸው እንቀቅላለን፤ ከእነሱ ጋር ግን አንበላም፣ አንጋባም። የሚጠሩበት ቃል አለ፤ ስድብ ስለሆነ አልጽፈውም። ቤተ ክርስቲያናችን «በጌታ ሁላችን አንድ ነን» ብላ ታስተምራለች፤ እውነትም በአንድ አግዳሚ ወንበር እንቀመጣለን። የጋብቻ ነገር ሲነሣ ግን ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጎሳዋ ምንድን ነው?» ብሎ ነው።

ተመራማሪዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት ባልተናደድኩባት። ጭቃ አትፈራም፤ ዳጣውን እንባዋ እየወረደ ትበላለች፤ «ሳሮ» ብላ በወላይትኛ ሰላም ስትል ገበሬው ሁሉ ይስቅላታል። ሥራዋንም ታውቃለች። ቦምቤ በኩል ካሉት መንደሮች በአንዱ ስንቀመጥ የመጀመሪያውን ሳምንት ቴፕ የሚባል ነገር ከቦርሳዋ አላወጣችም። ሴቶቹ ጭቃ ሲያቦኩ ታያለች፣ ራሷም ታቦካለች፣ ያበላሸችውን አይተው ሲስቁባት አብራ ትስቃለች። ቴፑ የወጣው እነሱው «እኛን መቼ ነው የምትጠይቂን?» ካሉ በኋላ ነው።

ሁለት ወር ከተመላለስን በኋላ አንድ ቀን ወደ ሶዶ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ እንዲህ አለችኝ፦ «አሁን የቀረኝ ትቶ የወጣ ሰው ነው። ከሸክላ ሠሪ ተወልዶ፣ ከተማ ገብቶ፣ እንደማንኛውም ሰው የሚኖር።»

«እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም» አልኳት። አውቅ ነበር።

ሴትዮዋ የቤተ ክርስቲያናችን አባል ናት፤ ሁልጊዜ ከፊቴ ሁለት ወንበር አልፋ ትቀመጣለች። ቅቤ ነጋዴ ልበላት። የምትሸጠው ግን ቅቤ አልነበረም፤ የሚበላ ነገር ነበር፣ ይበቃል። የባሏን ሥራ፣ የልጇን ትምህርት፣ ሌላም ሌላም ለውጬዋለሁ። ይህን ብልሃት ያኔ ባውቀው ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ ነበር።

ምስጢሯን ማንም አልነገረኝም። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ድስት ስመርጥ አጠገቤ ደረሰች። አንዱን ድስት በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋችና «ይሄን ተዪው ልጄ፣ እርጥብ ሳለ ነው የተተኮሰው፤ እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃል» አለችኝ። ወዲያው እጇን ሰበሰበች። ድስት ሲገዛ የኖረ ሰው እንዲህ አያውቅም። ዐይን ለዐይን ተያየን። እሷ ስለ ዝናቡ አወራች፤ እኔም ስለ ዝናቡ አወራሁ። ከሸክላ ሠሪ እጅ ቅቤ የሚገዛ ሰው እንደማይኖር ሁለታችንም እናውቃለን።

ሚኒባሱ ውስጥ አፌ አመለጠኝ ብል ደስ ባለኝ። አላመለጠኝም። ፈረንጇ ተስፋ ቆርጣ በመስኮት ስታይ አዘንኩላትና ላስደስታት ፈለግሁ። «ምናልባት አንዲት ሴት አለች» አልኩ።

አላጣደፍናትም። መጀመሪያ ብቻዬን ሄድኩ፤ በቀጣዩ እሑድ ሁለታችን ሄድን፤ ሦስተኛው እሑድ ደግሞ ያለ ቴፕ፣ ያለ ደብተር። ጎደሬ ቀቅላ በዳጣ አቀረበች፤ ከአንድ ሳህን በላን። ስለዚህም ስለዚያም ስናወራ ቆየንና እኔ ድንገት የራሴን ነገር ነገርኳት። የአባቴ እናት በባርነት ተገዝታ የመጣች ሴት ነበረች። ይህ በቤታችን አይነገርም፤ ወንድሞቼ ቢሰሙ ያብዳሉ። ሴትዮዋ እጄን ይዛ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። የነገርኳት እውነት ነበር፤ እንባዬም እውነት ነበር። ነገር ግን ከቤቴ ስነሣ ጀምሮ በእውነቴ ምን እያጠመድኩ እንደሆነ አውቅ ነበር። ፈረንጇ መንገድ ላይ «አንቺ ተሰጥኦ አለሽ» አለችኝ፤ እኔም በልቤ «አለኝ» አልኩ።

አራተኛው እሑድ የቴፑ ቀን ሆነ። ከቴፑ በፊት ደግሞ ወረቀት አለ። ያለ ፊርማ የተቀዳ ቃል አይቆጠርም፤ ፈረንጇ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው። ስምሽ አይጠቀስም፤ የተናገርሽው ግን በመጽሐፍም በሌላም ጽሑፍ ሊወጣ ይችላል፤ ካልፈለግሽ ማቆም ትችያለሽ ይላል። ይህን በወላይትኛ አንድ በአንድ መንገር የእኔ ሥራ ነበር።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ከሰው ቤት ጎደሬ በልቶ፣ አብሮ አልቅሶ፣ ከዚያ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ወረቀት የሚመጣው ከቀበሌ ነው፤ ቤት ሊለካ ወይም ሰው ሊከሰስ ሲል ነው። ሁለቱን ገጽ ባነብላት ገና ከመሀሉ ሳልደርስ ዐይኗ በር በር እንደሚያይ ታወቀኝ። አራት እሑድ የለፋሁበት ሊበላሽ ነው። ስለዚህ እንደ ሰው ልናገራት አልኩና ሁለቱን ገጽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረስኩት።

«ይሄ ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም። እኔ አለሁ።»

«አለሽ?» አለችኝ።

«አለሁ።»

ብዕሩን ተቀብላ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማረቻትን ስሟን ፊደል በፊደል ጻፈች። ስሟን ያወቅኩት ያኔ ነው። ለካ ይሄን ሁሉ ዘመን የእከሊት እናት፣ አለዚያ የሾፌሩ ሚስት ነው የምንላት።

«ሁሉንም አስረዳሻት?» አለችኝ ፈረንጇ።

«ሁሉንም» አልኳት።

ሁለት ሰዓት ተናገረች። የተወለደችው ከሸክላ ሠሪዎች ነው። በአንድ የረሃብ ዓመት እናቷ ሞታ መንገድ ላይ ስታለቅስ አንድ ወንጌላዊ አገኛትና ወደ ቤቱ ወሰዳት። የወንጌላዊው ሚስት ውሃ ልትሰጣት ስትል «ጎሳሽ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ግን ገብቷታል። የገበሬ ጎረቤቶቻቸውን ጎሳ ጠራች። ከዚያ ወዲህ እሱኑ ለብሳ ኖረች፣ አገባች፣ ወለደች። ባሏ ሳያውቅ ሞተ። አንዲት ልጅ አለቻት፤ መምህራን ማሠልጠኛ ገብታለች። ደህና ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሏል፤ ሰርጉ ጥር ላይ ነው።

«ለልጄ እኔው እነግራታለሁ» አለች። «ታግባ፣ የራሷን ቤት ትያዝ። ከዚያ ጎኗ ተቀምጬ ሁሉንም እነግራታለሁ። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብቻ።»

ይህን ተረጎምኩት። ፈረንጇ ዐይኗ እንባ አቅርሮ ጻፈች።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስትሄድ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት። «የእሷ ነገር ሶዶ ውስጥ እንዳይወጣ» አልኳት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «በፍጹም፤ ማንነቷ አይታወቅም» አለችኝ። ተቃቅፈን ተለያየን። ዓለም ላይ አንዲት እህት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ተመልሳ መጣች። የጥናቱን ውጤት ለኅብረተሰቡ መመለስ የሚባል ነገር አለ፤ ሰውን ጠይቆ ጥሎ መሄድ ልክ አይደለም በሚል ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ያኔም አመስግኛት ነበር። አዳራሽ ተከራይታ ከመሥሪያ ቤቶች፣ ከቤተ ክርስቲያናት፣ ከትምህርት ቤቶች ሰው ጠራች። በሩ ላይ ለእያንዳንዱ ተጋባዥ አንድ ብዕርና በአማርኛ የታተመ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ይሰጣል። የተተረጎመው አዲስ አበባ ነው፤ እኔን ማድከም አልፈለገችም።

የመክፈቻ ንግግር ሲደረግ መጽሐፏን ገለጥኩ። አንድ የዞን ሰው «እንዲህ ያለው ልዩነት የድሮው ሥርዓት ርዝራዥ ነው፤ ዛሬ በዞናችን የለም» ሲል ጭብጨባ ሆነ። እኔ ገጽ አሥራ አንድ ላይ ነበርኩ። አንድ የሚያምር ስም ተጽፎ ከአጠገቡ ኮከብ ተደርጎበታል። ከታች «ለባለታሪኳ ደኅንነት ሲባል ስሟ ተቀይሯል» ይላል። ከዚያ ይቀጥላል፦ ዕድሜዋ ሃምሳ የሚጠጋ፣ በሶዶ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ፣ የመንግሥት ሾፌር የነበረ ባሏን በሞት ያጣች፣ በወንጌላዊ ቤት ያደገች፣ ብቸኛ ልጇን በመምህራን ማሠልጠኛ የምታስተምር እናት።

መጽሐፏን ዘግቼ እንደገና ገለጥኳት፤ ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ። ከኋላዬ አንዱ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ፦ «ይሄ ሴትዮ የገበያው አይደል እንዴ? ያ ቅቤ የሚሸጠው?» ሌላው «ዝም በል ባክህ» አለው። ሁለት ረድፍ አልፎ የሙሽራው አጎት ተቀምጧል፤ ሽማግሌ ሆነው ከሄዱት አንዱ ነው። መነጽሩን አውጥቶ በእርጋታ ያነባል። አንብቦ ሲጨርስ የገጿን ጫፍ አጠፈና መጽሐፏን ኮት ኪሱ ውስጥ ከተታት።

ለሻይ ስንወጣ ፈረንጇን እጇን ይዤ ወደ አዳራሹ ጓሮ ጎተትኳት።

«ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግሁ?» ደነገጠች። «ስሟን ቀይሬያለሁ እኮ!»

«ስሟን ማን ያውቀዋል! ስሟን የሚያውቀው መታወቂያ የሚጽፈው የቀበሌ ሰውዬ ብቻ ነው! ሶዶ ውስጥ ሰው የሚታወቀው በልጁ ነው፣ በሥራው ነው፣ በባሉ ነው። አንቺ የማይታወቀውን ደብቀሽ የሚታወቀውን ሁሉ አተምሽው።»

ፊቷ ነጣ። ሲገባት አየሁ። ግን ሰው ሲጨንቀው የሚይዘውን ይይዛል፤ እሷም ወረቀቷን ያዘች። «ፈርማለች» አለች። «ሊታተም እንደሚችል ወረቀቱ ላይ አለ። ሁሉንም አስረድቻታለሁ ብለሽኛል። አስረድተሻታል አይደል?»

እሷ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል ጠብቃለች። ወረቀቱ ላይ የሌለውን ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህን ያኔ አልነገርኳትም፤ ደሜ ፈልቶ ስለነበር «ለእኔስ መናኸሪያ ላይ ምን አልሽኝ?» ብዬ ጮኽኩባት። አለቀሰች። እንባዋ ይበልጥ አናደደኝ፤ ተመልሳ የምትሄድበት አገር ያላት ሰው ስታለቅስ ማየት ያናድዳል።

መጽሐፎቹን ልሰብስብ ብላ በር ላይ ቆመች፤ ይህም ሌላ ጥፋት ሆነ። «ይሰብሰቡ» ሲባል ያላነበበ ሁሉ አነበበ። ገጽ አሥራ አንድ ቅዳሜ ሳይመሽ ጎረቤት ወረዳችን ሁምቦ ደረሰች።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ አይነገርም። ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ መጥተው «ልጁ ትምህርቱን ይግፋ ተብሏል» አሉ። ምክንያቱ ይህ ነው ያለ የለም። ገበያም ላይ ቅቤዋን አንገዛም ያላት የለም። አንሥተው ያሸታሉ፣ «ከየት የመጣ ነው?» ይላሉ፣ «ስመለስ» ብለው ያልፋሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እሷ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ክፍት ቦታ በዛ።

እኔ ዘጠኝ ቀን ቤቷ አልሄድኩም። ፈተና አርማለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። በዐሥረኛው ቀን ሄድኩና በር ላይ በወላይትኛ ሰላም አልኳት። ሁልጊዜ «ልጄ» የምትለኝ ሴት በአማርኛ መለሰችልኝ፤ ቀበሌ ስትሄድ በምትናገረው፣ በማትወደው አማርኛ።

«ቲቸር እርስዎ ነው? ይግባ።»

ገባሁ። በወላይትኛ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ፈረንጇ እንደከዳችኝ፣ ቃል ገብታልኝ እንደነበር፣ እኔም እንደ እሷ እንደተሞኘሁ ነገርኳት። ወንበር አቀረበችልኝና ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ አሁንም በአማርኛ፣ በቀስታ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ጥያቄ አለ? ወረቀት አለ? ካለ ይምጣ፣ እፈርማለሁ።»

«እናቴ፣ እባክሽ» አልኳት።

«እኔ ፈረንጁን አላውቅም» አለች። «እኔ የማውቀው እርስዎን ነው።»

ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ፈረንጇን ሰደብኳት፤ ለብዙ ዓመትም ሰደብኳት። መጽሐፏ ውጭ አገር ታትሞ አንድ ቅጂ በፖስታ ሲደርሰኝ የምስጋናው ገጽ ላይ እኔም አለሁ፦ «የሰዎችን አመኔታ የማግኘት ልዩ ተሰጥኦ ያላት አስተርጓሚዬ፤ ለደኅንነቷ ስል ስሟን አልጠቅስም።» አንብቤ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን አንጀቴን አልዘለቀም። እሷ ከዳችኝ ማለቱ ይቀለኝ ነበር። አሁንም ከድታኛለች እላለሁ። ነገር ግን ያቺ ሴት ምስጢሯን የሰጠችው ለፈረንጇ አይደለም፤ በቋንቋዋ «እኔ አለሁ» ላልኳት ለእኔ ነው።

የካቲት ላይ፣ ሰርጉ ሊሆን የነበረበት ወር ካለፈ በኋላ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት መጣች። የመምህራን ክፍል ውስጥ ደብተር ሳርም በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ልትሰድበኝ የመጣች መስሎኝ ተዘጋጀሁ፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት» አለችኝ በወላይትኛ። «እናቴን ጠየቅኳት። ውሸት ነው አለችኝ። አስማልኳት፣ ማለችልኝ። ሰው ግን እውነት ነው ይላል። እርስዎ እዚያ ነበሩ። እውነት ነው?»

የቴፑ ድምፅ፣ የእናትየው ድምፅ፣ «ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብቻ» ያለችው ጆሮዬ ላይ መጣ። ልጅቷ ከብዙ ሰው አፍ ሰምታለች። ከእኔ አፍ ግን ገና አልሰማችም። ለእናትየው የቀረላት ይህቺ ብቻ ነች፤ ልንገራት ካለች አንድ ቀን ራሷ ትንገራት።

«ውሸት ነው» አልኳት። «እኔ ነኝ አጣምሜ የተረጎምኩት። እናትሽ ሸክላ ሠሪዎችን አውቃለሁ አለች፤ እኔ ከእነሱ ተወለድኩ አለች ብዬ ለፈረንጇ ነገርኳት። ለሰው ሁሉ እንዲህ ብለሽ ንገሪ። ቲቸር ናት ያበላሸችው በዪ።»

ልጅቷ ፊቴን ብዙ አየችው። የምታምነኝ አትመስልም።

«እውነት ቢሆን ለእኔ ምንም አልነበረም» አለች ቀስ ብላ። «ሊያገባኝ የነበረው ሰውዬም ይቅር። የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ለእናንተ በአራት እሑድ የነገረችውን፣ አብሬያት አንድ አልጋ ላይ ስተኛ ላደግሁት ለእኔ መካዷ ነው።»

«አልነገረችንም» አልኳት ደግሜ።

«እሺ» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ዞረች፤ ከዚያ ቆም አለች። «ለእናቴ ‹ቲቸርን አገኘኋት፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አለችኝ› እላታለሁ። አመንኩ እላታለሁ። ደስ ይላታል።»

እንዳለችውም አደረገች። እናትየው ከዓመታት በኋላ እስክትሞት ድረስ ሦስታችን ያቺን ውሸት ጠበቅናት፤ ሦስታችንም እውነቱን እናውቅ ነበር።